ካወቃችሁ ለምን ጠየቃችሁኝ?

ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት የደረሰኝ ደብዳቤ ሁለት ዓምዶች ነበሩት። በአንደኛው እኔ ያስታወቅኩት ገቢ ሰፍሯል፤ በሌላኛው ሌሎች ስለ እኔ ያስታወቁት። በሁለቱ መካከል የ412 ዶላር ልዩነት አለ። ልዩነቱ ዘግቼ የረሳሁት አንድ የቁጠባ ሒሳብ ያስገኘው ወለድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባንክ እንዲህ ያለውን ወለድ በሁለት ቅጂ ያስታውቃል፤ አንዱ ለባለገንዘቡ፣ ሌላው ለግብር ሰብሳቢው። የእኔ ቅጂ አሮጌ አድራሻዬ ላይ ቀርቷል። የእነርሱ ግን መድረሻው ደርሷል። ስለዚህ 91 ዶላር ግብርና ጥቂት ወለድ እንድከፍል፣ ካልተስማማሁም በ30 ቀን ውስጥ ማስረጃዬን እንድልክ በትሕትና ተጠየቅኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነበርና ፈርሜ ከፈልኩ። ነገሩ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። ሌላም የረሳሁት ነገር ይኖር ይሆን የሚል ስጋት ግን አላስተኛ አለኝ፤ ተነሥቼ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ገባሁና በስሜ የተያዘውን መዝገብ አወጣሁ። የተከፈለኝ ደመወዝ፣ ከደመወዜ ላይ የተቀነሰው ግብር፣ ለትምህርት ብድር የከፈልኩት ወለድ፣ ያ የረሳሁት ሒሳብ ጭምር፣ ሁሉም እስከ መጨረሻዋ ዶላር በተርታ ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት ሁለት ሌሊት ተቀምጬ፣ ከካርቶን ሳጥን ወረቀት እየለቀምኩ፣ ለሶፍትዌር ከፍዬ የሞላሁት መረጃ ሁሉ እነርሱ ዘንድ ነበር። ብቻዬን እንደተቀመጥኩ ለኮምፒውተሩ ጮክ ብዬ «ካወቃችሁ ለምን ጠየቃችሁኝ?» አልኩት።

ይህ ጥያቄ ከዚያ ሌሊት ወዲህ አልተወኝም። የግብር ሕግ የማነብ ሰው አልነበርኩም፤ አሁንም ባለሙያ አይደለሁም። የተናደደ ሰው ግን ብዙ ያነባል።

ከሳጥኑ ጋር ያደርኩባቸው ሌሊቶች

የአሜሪካን የገቢ ግብር ቅጽ ሞልቶ የማያውቅ አንባቢ ነገሩ ስሌት ይመስለው ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ እሱን ማሽኑ ይሠራዋል። የሚያደክመው ምርመራው ነው። በዓመቱ ውስጥ እርሻ ነበረዎት? ከባቡር ሠራተኞች የጡረታ ቦርድ ክፍያ ተቀብለዋል? ቁማር አሸንፈዋል? ማታ አምስት ሰዓት ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደጋገም፣ ንጹሕ ሰውም «ምናልባት እርሻ ይኖረኝ ይሆን?» ብሎ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል።

መንግሥት ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ ደግሞ አንድ አንቀጽ አለ። የሰው ንብረት የሰረቀ ሰው፣ በዚያው ዓመት ለባለቤቱ ካልመለሰ በስተቀር፣ የሰረቀውን በገበያ ዋጋው ገቢ አድርጎ ማስታወቅ አለበት። ጉቦ የተቀበለም እንዲሁ። ይህን ሳነብ ከሳቅኩ በኋላ ሌባው እንደኔ ሳጥኑን ከፊቱ አድርጎ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው እየገፋ የሰረቀውን ቴሌቪዥን ዋጋ ሲያጣራ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ። ከእኔ ይልቅ የእሱ ሁኔታ ይሻላል፤ ስለ እሱ ባንክ ቀድሞ ያስታወቀበት የለም።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የፌዴራሉ ገቢ ግብር በ1913 ሲጣል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቅጹ መመሪያውን ጨምሮ አራት ገጽ ብቻ ነበር። መነሻው አንድ በመቶ ሲሆን፣ እጅግ ሀብታም የነበረው ሰው እንኳ በመጨረሻው እርከን ላይ ሰባት በመቶ ይከፍል ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ከነጭራሹ አይመለከተውም። በ1943፣ በጦርነቱ መካከል፣ ግብሩ ከደመወዝ ላይ በየጊዜው እንዲቀነስ ተደረገ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የደመወዝተኛው ገንዘብ ገና እጁ ሳይገባ ይወሰዳል ማለት ነው። ቅጹ ግን አልቀረም። ግብሩን አስቀድሞ የወሰደው አካል፣ በዓመቱ መጨረሻ የወሰደብህን መጠን መልሶ አንተኑ ይጠይቅሃል።

ባቡር ውስጥ ያለቀ ግብር

ብሶቴን ለአክስቴ ልጅ በስልክ ነገርኳት። ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ ትኖራለች፤ ሥራዋ ስቶክሆልም ነው። ስትመልስልኝ ከበስተጀርባ የባቡር ድምፅ ይሰማል።

«አንተ፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ?» አለችኝ። «የእኔን ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባቡር ውስጥ ጨረስኩት።»

እንዴት እንደሆነ ስታስረዳኝ ቃላት አላባከነችም። የግብር መሥሪያ ቤቱ ከአሠሪዋና ከባንኳ የሰበሰበውን ሁሉ ሞልቶ ይልክላታል። እሷ ታያለች፤ ልክ ከሆነ በስልኳ ታጸድቃለች። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ማጽደቅም ይቻላል። ቀደም ብሎ ላጸደቀ ሰው ተመላሹ ገንዘብ በኤፕሪል ይገባለታል። ይህን አሠራር ቀድማ የጀመረችው ጎረቤታቸው ዴንማርክ በ1988 ነበር፤ እኔ ዛሬም ከሳጥን ወረቀት ስለቅም፣ እነሱ ኢንተርኔት ገና ወደ ቤታቸው ሳይገባ ከዚህ ተገላግለዋል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ደመወዝተኛ ቅጽ አያይም፤ በዓመቱ መጨረሻ አሠሪው ሒሳቡን አስተካክሎ ይዘጋለታል። ኒውዚላንድ ከ2019 ጀምሮ የአብዛኛውን ሠራተኛ ሒሳብ ራሷ ሠርታ ውጤቱን ታሳውቃለች።

ስልኩን ስዘጋ ቅናት ይሁን ንዴት ያልለየለት ነገር ደረቴ ላይ ቀረ።

አውቆ የተኛ

አሜሪካኖቹ ይህን ሐሳብ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ሮናልድ ሬገን በ1985 የግብር ማሻሻያ ሲያቀርቡ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግብር ከፋይ ቅጽ መሙላት የማያስፈልገው ሥርዓት እንደሚመጣ ተናግረው ነበር። በ1998 የወጣ ሕግ ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴሩ እስከ 2007 ድረስ ቅጽ አልባ አሠራር እንዲያዘጋጅ አዘዘ። 2007 መጣና ሄደ። በመሐሉ በ2002 መንግሥት ከግብር ሶፍትዌር ሻጮች ጋር ተስማማ፤ ሻጮቹ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በነፃ ያቀርባሉ፣ መንግሥት ደግሞ የራሱን ነፃ ሶፍትዌር አያዘጋጅም። ይህ የኋለኛው ቃል ከስምምነቱ የወጣው በ2019 መጨረሻ ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ2024 መንግሥት የራሱን ነፃ መሙያ በ12 ግዛቶች ሞከረ፣ በ2025 ወደ 25 ግዛቶች አሰፋ፣ ከዚያም ለ2026 አቋረጠው።

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ጽሑፌን እዚህ ላይ ባበቃው ደስ ይለኝ ነበር፤ ወንጀለኛው ታውቋል፣ ቂሜም ረክቷል። ሻጮቹ ለምን ዝምታውን እንደሚወዱት ለመረዳት ምሁር መሆን አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ በሥራ ቦታ አንዲት ባልደረባዬ አለች፤ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ። ስለ ደብዳቤው ሳወራላት፣ ስለ ቅጹም ሳማርርላት ሰማችኝና፣ «እኔ ግን ኤፕሪልን እጠብቀዋለሁ» አለችኝ። ከዓመቱ የሠራተኛ ድጎማና ከልጆቹ ድጋፍ የምታገኘው ተመላሽ የወራት የቤት ኪራይ ይሸፍንላታል። ይህ ድጎማ ከ1975 ጀምሮ በግብር ቅጹ በኩል የሚሰጥ ነው። ሰው ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ፣ ግብሩ ተሰልቶ ዜሮ ከመሆንም አልፎ ገንዘብ ይጨመርለታል። ለዚህም ነው ቅጹ «ልጁ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ከእርስዎ ጋር ኖሯል?» ብሎ የሚጠይቀው። እኔ በንዴት «አይ» ብዬ የዘለልኩት ጥያቄ ለእሷ የገንዘቡ በር ነው።

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ የአክስቴን ልጅ አሰብኩ። ስዊድን ከ1971 ጀምሮ ባልን ለብቻ፣ ሚስትን ለብቻ ነው ግብር የምታስከፍለው፤ ለልጅ የሚሰጠው ገንዘብ ደግሞ በሌላ መሥሪያ ቤት በኩል፣ ወላጁ ሀብታም ይሁን ድሃ ሳይባል በየወሩ ይከፈላል። ስለዚህ የስዊድን ግብር ሰብሳቢ ልጁ የት እንዳደረ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። ቅጹ የቀለለው ጥያቄዎቹ ወደ ሌላ ቢሮ ስለተዛወሩ ነው። አሜሪካ ግን የበጎ አድራጎት ቢሮዋን በግብር ቢሮዋ ውስጥ አስገብታ፣ ለሁለቱም አንድ በር ሠራች። በዚያ በር እኔም የተረሳ ወለድ ይዤ፣ ባልደረባዬም ሁለት ልጆች ይዛ፣ ሌባውም ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ እንሰለፋለን።

ቤተሰብ ወደ ሒሳቡ በገባ ቁጥር እንዲሁ ነው። ፈረንሳይ ገቢን ለቤተሰቡ «ድርሻ» ታካፍላለች፤ ባልና ሚስት ሁለት ድርሻ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች ለእያንዳንዳቸው ግማሽ፣ ሦስተኛው ልጅ ግን ሙሉ ድርሻ። የድርሻው ሥርዓት ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 የመጣ ነው፤ አገሪቱ ልጅ ትፈልግ እንደነበር ከሒሳቡ ይነበባል። ጀርመን ደመወዝተኞቿን በስድስት የግብር ምድብ ትከፍላለች፣ ባልና ሚስት ገቢያቸውን ደምረው ለሁለት እንዲያካፍሉ ትፈቅዳለች፣ የቤተ ክርስቲያን አባል ከሆኑም የቤተ ክርስቲያኑን ግብር ከደመወዝ ላይ ቀንሳ ትወስዳለች። ግብሩ የሚሰላበት ቀመር እንዳለ፣ ከነአልጀብራው፣ ሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ሕግ አውጪዎች ተሰብስበው በእኩልታ ላይ ድምፅ ሲሰጡ ማየት እፈልጋለሁ።

ቀላል የነበረው

ታዲያ ሁሉንም አውልቆ መጣል አይቻልም ወይ? ኢስቶኒያ ሞክራለች። በ1994 ከአውሮፓ አገሮች ቀድማ አንድ ወጥ የግብር ምጣኔ አወጣች፤ 26 በመቶ ለሁሉም። ከ2000 ጀምሮ የገቢ ማስታወቂያው በኢንተርኔት ይላካል፤ ብዙ ሰው በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። የግብር ቅለት ሲነሣ ስሟ የማይጠራበት ጊዜ የለም፤ እኔም እዚህ ስደርስ ጠራኋት።

በ2018 ግን ኢስቶኒያውያን ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ለማሰብ ሲሉ ሥርዓታቸውን ነካኩት። በወር እስከ 1,200 ዩሮ የሚያገኝ ሰው 500 ዩሮው ከግብር ነፃ ሆነለት፤ ገቢው ከዚያ በላይ በጨመረ ቁጥር ነፃ የሚሆነው መጠን እየቀነሰ፣ 2,100 ዩሮ ላይ ዜሮ ይገባል። ሐሳቡ ሰብዓዊ ነው። ችግሩ፣ ሁለት ቦታ የሚሠራ ሰው የዓመት ገቢው ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ አያውቅም፤ አሠሪዎቹም አያውቁም። በቀጣዩ ዓመት ብዙዎች ያልጠበቁት ዕዳ መጣባቸው። በ2026 ወደ ጥንቱ ተመልሰው ለሁሉም እኩል 700 ዩሮ አደረጉት።

ከሁሉ ይበልጥ ያቆመኝ ግን የኔዘርላንድ ታሪክ ነው። የኔዘርላንድ ግብር መሥሪያ ቤት ለረጅም ዓመታት አንድ መፈክር ነበረው፤ «አስደሳች ልናደርገው አንችልም፣ ቀላል ግን እናደርገዋለን»። በ2001 ቃላቸውን ለመጠበቅ የቁጠባና የአክሲዮን ገቢን ከመለካት ተገላገሉ። ሀብትህ ስንት ነው? በዚያ ላይ 4 በመቶ አትርፈሃል ብለን እንገምታለን፤ ከግምቱ 30 በመቶ ትከፍላለህ። ደረሰኝ የለ፣ ክርክር የለ። እኔ በዚያ ሌሊት ይህን ሥርዓት ቢያቀርቡልኝ እጅ እነሣ ነበር።

ኋላ ግን የባንክ ወለድ ወደ ዜሮ ወረደ። ገንዘቧን ባንክ ያስቀመጠች አሮጊት ላላገኘችው 4 በመቶ ትርፍ ግብር መክፈል ቀጠለች፤ በአክሲዮን ብዙ ያተረፈው ደግሞ ከግምቱ በላይ ያለው ሁሉ ነፃ ሆነለት። በ2017 ግምቱን በሀብት መጠን ደረጃ አወጡለት፤ አሁንም ግምት ነው። ዲሴምበር 24 ቀን 2021፣ በገና ዋዜማ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ አሠራር የሰውን የንብረት መብት ይጥሳል ሲል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ መመለስ፣ ጊዜያዊ ሕግ፣ ሌላ ጊዜያዊ ሕግ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይሉ የለ?

ይህን አንብቤ ስጨርስ ሳጥኔን በሌላ ዓይን አየሁት። ውስጡ ያሉት ወረቀቶች አሰልቺ ናቸው፤ የሆነውን ነገር ግን ይናገራሉ። የኔዘርላንዷ አሮጊት ያጣችው «ይህን አላገኘሁም» ብላ የምታሳይበት ባዶ መስመር ነበር።

የማይታየው ጓዳ

ቅጽ አለመሙላት ራሱ ዋጋ እንዳለው ያስተማረኝ የእንግሊዝ አሠራር ነው። እዚያ ከ1944 ጀምሮ ግብር ከደመወዝ ላይ በትክክል ስለሚቀነስ አብዛኛው ሠራተኛ ምንም አያስታውቅም። የግብር ዓመቱ ኤፕሪል 6 ቀን ይጀምራል፤ ድሮ ዓመቱ ይብት የነበረው ማርች 25 ሲሆን፣ በ1752 አቆጣጠራቸውን ሲቀይሩ 11 ቀን ስለጠፋ ገንዘብ ያዦቹ ቀኑን ወደፊት ገፉት፤ በኋላ አንድ ቀን ተጨመረበት። የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

በዚህ ጸጥ ያለ ሥርዓት ውስጥ ግን አንድ ጉድጓድ አለ። በዓመት ከ100,000 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ሰው፣ በየሁለት ፓውንዱ ከግብር ነፃ ከሆነው 12,570 ፓውንድ ላይ አንድ ፓውንድ ያጣል። ሲሰላ በዚያ ክልል ውስጥ ከምትጨመረው ከእያንዳንዷ ፓውንድ 60 ሳንቲሙ ለገቢ ግብር ይሄዳል ማለት ነው። ገቢው 125,140 ሲደርስ ነፃው መጠን ያልቅና ምጣኔው ተመልሶ ወደ 45 ይወርዳል። በምጣኔ ሰንጠረዡ ላይ 60 የሚል ቁጥር የለም። ለባለ መቶ ሺህ ፓውንድ አላለቅስም። የሚገርመኝ ግን፣ አብዛኛው ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ የማይሞላው ሒሳብ እንዲህ ያለ ነገር ደብቆ ዓመታት መኖር መቻሉ ነው።

ስለ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጠይቀኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ኳታርና ኩዌት ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይወስዱም፤ ጎረቤታቸው ኦማን ግን ከ2028 ጀምሮ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ላይ 5 በመቶ ለመጣል ሕግ አውጥታለች። ነዳጅ ያለው ሰው ጥያቄ አያበዛም።

የአክስቴ ልጅ ስትመልስልኝ

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ደወልኩላት። የአሮጊቷ ነገር እየከነከነኝ ስለነበር፣ «ለመሆኑ ከማጽደቅሽ በፊት ውስጡን ከፍተሽ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። «ምን አያለሁ? እነሱ ያውቃሉ።»

«እነሱ የሚያውቁት ሌሎች የነገሯቸውን ነው» አልኳት። የደብዳቤው የቀኝ ዓምድ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ባንክ የነገራቸው፣ አሠሪ የነገራቸው።

ያን ምሽት ከፍታ አየችው። ደመወዙ ልክ ነው፣ ወለዱ ልክ ነው። ወደ ሥራ ለመመላለስ የሚወጣውን ወጪ የሚመለከተው መስመር ግን ባዶ ነው። በስዊድን ሕግ ይህ ወጪ ከተወሰነ መጠን (በእነዚያ ዓመታት 11,000 ክሮና) ሲያልፍ ትርፉ ከገቢ ላይ ይቀነሳል። እሷ በየቀኑ በሁለት ከተማ መካከል በባቡር የምትመላለስ ሰው፣ ለቲኬት በዓመት ከ20,000 ክሮና በላይ ታወጣለች። ባቡር ድርጅቱ ግን የማንን ቲኬት ማን እንደገዛ ለግብር ሰብሳቢው አያስታውቅም። ይህን መስመር መሙላት ያለበት ባለቤቱ ነው፤ በአጭር መልእክት «አጽድቄያለሁ» ያለ ሰው ደግሞ እንደተሞላለት ተቀብሏል። በዚያው ባቡር ውስጥ ተቀምጣ፣ ስለዚያው ባቡር የተተወውን ባዶ ቦታ ስድስት ጊዜ አጽድቃለች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች አለ አሉ፤ ይህን ግን ፊት ለፊት አልነገርኳትም።

መልካሙ ነገር፣ እዚያ አገር ያለፉ ስድስት ዓመታት ውሳኔ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ማስረጃ ግን ቢጠየቅ ማቅረብ ይኖርባታል፤ የድሮ ቲኬቶች፣ የባንክ ዝርዝር፣ ከአሠሪዋ በየትኛው ቀን ቢሮ እንደገባች የሚገልጽ ወረቀት።

ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ መልእክት ላከችልኝ። ፎቶግራፍ ነው፤ ወለሉ በወረቀት ተሸፍኗል። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጽፋለች።

«ያ ሳጥንህ ስፋቱ ስንት ነው?»